የሌለንን መተው

አንድ አገር የኑክሌር ኃይልን ትቶ ወደ ሌላ የኃይል ምንጭ መሄድ አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ በብዛት የሚነሳው ሀብታም አገሮች ውስጥ ነው። ለመተው መጀመሪያ መያዝ ያስፈልጋል። ጀርመኖች ለአርባ ዓመት ያህል ሲጨቃጨቁበት ኖረው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የመጨረሻዎቹን ሦስት ማብለያዎች አጠፉ። የእኛ ጥያቄ የሚገባው በሌላ በር ነው። ውሃ፣ ነፋስ፣ ፀሐይና የከርሰ ምድር እንፋሎት ያለው፣ ግን ግማሽ ያህል ሕዝቡ ዛሬም መብራት የማያገኝ አገር ኑክሌር ውስጥ መግባት አለበት ወይ?

ነገሩ የቡና ላይ ወሬ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ቀጣይ ብለው ከዘረዘሯቸው ትልልቅ ሥራዎች አንዱ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ነበር። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ መስከረም ላይ ሞስኮ ውስጥ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የነበረው ንግግር ደግሞ ከዚያ በፊት ዓመታት ያስቆጠረ ነው፤ የመንግሥታቱ የትብብር ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2019 ሶቺ ላይ ነው።

እኔ አርባ ምንጭ ተቀምጬ ሶፍትዌር የምሠራ ሰው ነኝ። የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ የኑክሌር ምህንድስና ግን አይደለም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ ማብለያው አሠራር ልመክር ብዬ አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚከፍለው ማን ነው? የሚጠይቀውስ ማንን ነው?

ዝንቡ ቀድሞ መጥቷል

ኑክሌር ከጋሞ ምድር ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። ቆላ ወርዶ በበሬ ማረስ የሞከረ ገበሬ ሁሉ ገንዲን ያውቃል። ዝንቧ ነክሳ በሽታውን ትሰጣለች፤ በሬው ይከሳል፣ ይደክማል፣ ይሞታል። ለም መሬት እያለ ሰው ደጋ ላይ ተጨናንቆ የሚኖርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ መንግሥት ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር ሆኖ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ዝንቡን ለማጥፋት ፕሮጀክት ከፈተ። ዘዴው የሚገርም ነው። ቃሊቲ በሚገኘው ማራቢያ ወንድ ዝንቦች ይፈለፈላሉ፤ በጋማ ጨረር ይመከናሉ፤ ከዚያ ወደ እኛ አካባቢ መጥተው በአውሮፕላን ከሰማይ ይለቀቃሉ። ሴቷ ዝንብ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ የምትገናኘው አንዴ ነው። ከመከነው ጋር ከተገናኘች ዘር የለም። ይህ ከወጥመዱና ከብቶቹ ላይ ከሚደረገው መድኃኒት ጋር ተዳምሮ ዝንቡን ጨርሶ ባያጠፋውም በብዙ ቦታ ቁጥሩን ቀንሶታል።

ይህን የማነሳው "ኑክሌር" የሚለው ቃል ሲጠራ ወዲያው ቦምብና ቼርኖቤል ብቻ እንዳይታየን ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ሲሠራ ተራ ይጠብቅ የነበረ የካንሰር ታማሚ ጨረርን የሚያውቀው እንደ መድኃኒት ነው። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ ኤጀንሲ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1957፣ ኤጀንሲው በተቋቋመበት ዓመት ነው። ስለዚህ ክርክሩ በሳይንሱ ወዳጆችና በሳይንሱ ጠላቶች መካከል አይደለም። የመከነ ዝንብ መልቀቅና ለመቶ ዓመት የሚጠበቅ ማብለያ መገንባት ግን አንድ ነገር አይደሉም።

ፍርሃት ብቻውን ክርክር አይሆንም

ኑክሌርን የሚቃወሙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሱት ከአደጋ ነው። እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1986 ቼርኖቤል ላይ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ሠራተኞችና እሳት አጥፊዎች ሞቱ፤ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በኋላ ባወጡት ግምት በረጅም ጊዜ በካንሰር የሚሞቱት እስከ 4,000 ሊደርሱ ይችላሉ። በ2011 ፉኩሺማ ላይ የጃፓን መንግሥት በጨረር ምክንያት ሞተ ብሎ ያመነው አንድ ሰው ነው፤ ከ2,000 በላይ ሰዎች ግን በመፈናቀሉ ጣጣ፣ በተለይ አረጋውያን፣ ሕይወታቸው አልፏል።

ግድቦችስ? እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1975 ቻይና ውስጥ ባንቺያው የተባለው ግድብ በአውሎ ነፋስ ዝናብ ተደርምሶ በዝቅተኛው ግምት እንኳ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ጨርሷል። ዓለም ቼርኖቤልን ያስታውሳል፤ ባንቺያውን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? የሞት ቁጥር ለሚመነጨው ኃይል ሲካፈል ኑክሌር ከነፋስና ከፀሐይ ተርታ የሚቆም ነው፤ ከድንጋይ ከሰል ጋርማ አይወዳደርም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ በየቀኑ የምንተነፍሰው አለ። ደጋ፣ ጨንቻ በኩል የምትኖረው አክስቴ ዕድሜዋን በሙሉ በማገዶ ነው ያበሰለችው። አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ከጫካው እንጨት ተሸክመው የሚመጡ ሴቶችን ያላየ የለም። ያ ጭስ ሳንባ ያበላሻል፣ ያ ሸክም ወገብ ይሰብራል፣ ያ ጫካም ይሳሳል። ይህ ሁሉ ዜና አይሆንም። ስለዚህ "ኑክሌር አደገኛ ነው" ብሎ ማቆም ለእኔ አይበቃም። ኃይል አለማግኘትም ይገድላል።

ውሃውም ንጹሕ እጅ የለውም

ሌላው የምንወደው ሐሳብ "እኛ ውሃ አለን" የሚለው ነው። የከተማችን ስም ራሱ አርባ ምንጮች ማለት ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በ1979 ዓ.ም. ሲከፈት የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፤ አገሪቱ ግድብ ላይ ያሰማራቻቸው ብዙ መሐንዲሶች ከዚያ ወጥተዋል። እኛ ጋ ስለ ውሃ ኃይል ክፉ መናገር ስለ ራስ ቤት ክፉ እንደመናገር ነው።

ግን መነገር አለበት። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ኦሞ ላይ የቆመው ግልገል ጊቤ ሦስት 243 ሜትር ከፍታ አለው፤ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግድቡ ውሃ መያዝ ሲጀምር ታችኛው ኦሞ ላይ የዓመቱ ጎርፍ ቀረ። ዳሰነች፣ ሙርሲና ሌሎች ሕዝቦች ደግሞ ጎርፉ ሲሸሽ ጥሎት በሚሄደው ደለል ላይ ማሽላ እየዘሩ ነበር የኖሩት። "ታዳሽ" የሚለው ቃል የእነሱን ኪሳራ አይሸፍነውም። ማታ ላፕቶፔን ስሰካ ዋጋውን ከከፈሉት መካከል እነሱ አሉ።

ሁለተኛው ችግር ዝናብ ነው። ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። በ2001 ዓ.ም. ዝናብ ሲያንስ አገሩ በፈረቃ መብራት የኖረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። የአየር ንብረት እየተለወጠ ባለበት ዘመን ሁሉንም እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ ማስቀመጥ ልክ አይደለም። ከሴቻ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ደግሞ ሦስተኛውን ችግር በዓይኑ ያየዋል። ጫሞ ሰማያዊ ነው፤ አባያ ግን ቡናማ ነው። ያ ቀለም ከተራራው ታጥቦ የመጣ አፈር ነው። አፈር ሐይቅን እንደሚሞላ ሁሉ ግድብንም ይሞላል።

ስለዚህ ኑክሌርን የሚደግፉት ሰዎች ዝም ብለው አይደለም የሚናገሩት። ዝናብ የማይጠብቅ፣ ሌት ተቀን የሚሠራ፣ ጭስ የሌለው ኃይል ይሉሃል። እውነት ነው።

ሒሳቡ

እንግዲህ ቁጥር እንይ። ጎረቤታችን ግብፅ ኤል ዳባ ላይ በሮሳቶም እያስገነባች ያለችው ማመንጫ አራት ማብለያዎች አሉት፤ ድምሩ 4,800 ሜጋዋት ነው። የእኛ ሕዳሴ 5,150 ነው። በወረቀት ይቀራረባሉ። ዋጋቸው ግን አይቀራረብም። ሕዳሴ ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ፈጀ ይባላል፤ ኤል ዳባ ወደ 30 ቢሊዮን ሲገመት ከዚያ ውስጥ 25 ቢሊዮኑ የሩሲያ ብድር ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ሌላውንም ጎን ማስላት ያስፈልጋል። ግድብ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ አቅሙ አይሠራም። ከሕዳሴ በዓመት የሚጠበቀው ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ነው። አራቱ ማብለያዎች 90 በመቶ ያህሉን ጊዜ ቢሠሩ ወደ 37,800 ይሰጣሉ። ይህ ከእጥፍ በላይ ነው። ዋጋው ግን ስድስት እጥፍ ነው፤ ነዳጁ፣ የቆሻሻው ጥበቃና መጨረሻ ላይ የማፍረሱ ወጪ ሳይገባ።

ደግሞ አንድ የምህንድስና ልማድ አለ። አንድ ማመንጫ ብቻውን ከጠቅላላው የኤሌክትሪክ መረብ ከአሥር በመቶ ብዙ ባይበልጥ ይመረጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ያ አንዱ በድንገት ቢቆም ሌሎቹ ሸክሙን መሸከም አለባቸው፣ ካልቻሉ አገሩ በሙሉ ይጨልማል። በእኛ ሙያ ቋንቋ አንዱ ሲወድቅ ሁሉን ይዞ የሚወድቅ ነጥብ ይባላል። የኢትዮጵያ ጠቅላላ አቅም ሕዳሴም ተጨምሮበት 10 ሺህ ሜጋዋት ገደማ ነው፤ አንድ 1,200 ሜጋዋት ማብለያ ከልማዱ ያልፋል። መረቡ መጀመሪያ ማደግ አለበት።

ዝናብ የማይጠብቅ ኃይል ካስፈለገ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኬንያ እኛ ከተቀመጥንበት ከዚሁ ስምጥ ሸለቆ በከርሰ ምድር እንፋሎት ከ900 ሜጋዋት በላይ አቅም ገንብታለች። የእኛው አሉቶ ላንጋኖ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በ7.3 ሜጋዋት ተጀምሮ ብዙም አልራቀም። ነፋሱም የሚበረታው በበጋ፣ ወንዙ በሚያንስበት ወቅት ነው፤ አዳማና አሸጎዳ ላይ የቆሙት ተርባይኖች ይህን ያሳያሉ። እነዚህን ሳንጨርስ በብድር ማብለያ መግዛት አባቶች ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያሉት አይነት ይመስለኛል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ አክስቴ ጋ መብራት ያልደረሰው ማመንጫ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና የሚጠግን ሰው ስለሌለ ነው። አገሪቱ ለኬንያና ለጂቡቲ ኃይል ትሸጣለች፤ ለቢትኮይን ማይኒንግ ኩባንያዎችም በዶላር ትሸጣለች። ለዶላሩ ምክንያት አላት፤ አልወቅስም። ግን ኃይሉ እያለ መንደር የሚጨልም ከሆነ፣ ሌላ ትልቅ ማመንጫ መጨመር ጨለማውን በራሱ አያበራውም።

መቶ ዓመት

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የገንዘብና የምህንድስና ነው፤ ነገ ሊለወጥ ይችላል። መረቡ ያድጋል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ትንንሽ ማብለያዎች ይመጡ ይሆናል። የማይለወጠው ጊዜው ነው።

አንድ ማብለያ ለመገንባት አሥር ዓመት፣ ለመሥራት ስድሳ ዓመት፣ ለማፍረስና ለማጽዳት ደግሞ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። በአጭሩ መቶ ዓመት በሉት። ፊንላንዶች ያገለገለውን ነዳጅ ለመቅበር ኦንካሎ የተባለውን ዋሻ ከ400 ሜትር በላይ ዓለት ውስጥ ቆፍረዋል፤ ያሰቡት ለመቶ ሺህ ዓመት ነው። እሱን እንተወውና መቶውን ብቻ እንያዝ።

ከዛሬ መቶ ዓመት በፊት፣ በ1918 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኮንን ገና ንጉሠ ነገሥት አልሆኑም። ከዚያ ወዲህ ዘውድ ተጭኗል፣ ጣልያን ገብቶ ወጥቷል፣ ዘውዱ ወድቋል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ ኢሕአዴግ መጥቶ ሄዷል። በመካከሉ ስንት ጦርነት! ሻጩም ቢሆን አልጸናም፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ኅብረት የሚባል አገር ጠፋ። ሩሲያ ከባንግላዲሽ ጋር ያገለገለውን ነዳጅ መልሳ ልትወስድ ተስማምታለች፤ ለእኛም እንዲህ ያለ ውል ሊቀርብ ይችላል። ጥሩ ውል ነው። ግን ውሉን የሚያስከብሩት ሁለት መንግሥታት መቶ ዓመት ቆመው መገኘት አለባቸው። ነፋስ ማመንጫ ጦርነት መሀል ቢተው ዝም ብሎ ይቆማል። ማብለያ ግን ከጠፋም በኋላ ማቀዝቀዝ ይፈልጋል፤ ጠባቂው ጥሎት መሸሽ አይችልም።

በጋሞ ባህል ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ሰው ዎጋውን፣ ማለትም ሕጉን፣ ሲጥስ የሚመጣ ጣጣ ነው። ከባዱ ነገር ጥፋቱ አጥፊው ላይ ብቻ አለመቅረቱ ነው፤ በልጁ፣ በከብቱ፣ በማሳው ሊወርድ ይችላል። እንዲቆምም የተደበቀው ነገር በሰው ፊት ወጥቶ መነገር፣ መታረቅ አለበት። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሃንስ ዮናስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ የቴክኖሎጂ ጉልበታችን ስላደገ ኃላፊነታችንም ገና ላልተወለዱት ጭምር መዘርጋት አለበት ብሎ ሲከራከር በአውሮፓ አዲስ ሐሳብ መስሎ ነበር። የጋሞ ሽማግሌ ቢሰማው የሚደንቀው አይመስለኝም።

ጎሜን እንደ ቁጣ ወይም እንደ እርግማን ብቻ ማየት ያሳንሰዋል። እኔ እንደ ሒሳብ አያያዝ ነው የማየው። ዛሬ የማልከፍለው ዕዳ አይጠፋም፤ ስሙን የማላውቀው ሰው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ፊሊፒንስ ባታን ላይ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥታ የሠራችው ማብለያ አንዲት ሰዓት እንኳ መብራት አልሰጠም፤ ዕዳው ግን እስከ 2007 ሲከፈል ኖረ። የፈረመው መንግሥት ከወደቀ ከሃያ ዓመት በኋላ ከፋዮቹ ሲፈረም ልጆች የነበሩ ወይም ያልተወለዱ ነበሩ።

መተውና አለመጀመር

"ታዲያ ጀርመን ትክክል ነበረች ማለት ነው?" ሊባል ይችላል። አይመስለኝም። ጀርመን የምትዘጋቸው ማብለያዎች ተሠርተው ያለቁ፣ ሠራተኛ የነበራቸው፣ ገና መሥራት የሚችሉ ነበሩ። እነሱ ሲዘጉ የከሰል ማመንጫዎች እየጨሱ ነበር። ቆሻሻው እንደሆነ አስቀድሞ ተፈጥሯል፤ መዝጋቱ አያጠፋውም። ያለህን ቶሎ መጣልና የሌለህን አለመጀመር አንድ ውሳኔ አይደለም። ሶፍትዌር የሠራ ሰው ይህን ያውቃል፤ ሚሊዮን ሰው የሚጠቀምበትን አሮጌ ሥርዓት ስለማትወደው ብቻ አትነቅለውም። ወደ ኋላ ልትመልሰው የማትችለውን አዲስ ነገር ደግሞ በችኮላ አትለቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ለጀርመን "አትዝጉ"፣ ለኢትዮጵያ "አትጀምሩ" ቢል አልተጋጨም።

እዚህ ላይ የሚከነክነኝ ተቃውሞ ይህ ነው፦ "ትልቁን ቴክኖሎጂ ለሀብታም፣ ለድሃ የፀሐይ አምፖል ነው ወይ የምትለው?" ልቤ ከጠያቂው ጋር ነው። ሕዳሴን በቦንድ የሠራ ሕዝብ አትችልም ሲባል አይወድም፤ መውደድም የለበትም። ግን ሕዳሴ ያኮራን ትልቅ ስለሆነ ብቻ ነው? ገንዘቡ የእኛ፣ ውሳኔው የእኛ፣ ጥገናውም በእኛ እጅ ሊሆን የሚችል ስለሆነም አይደለም? በብድር ተሠርቶ፣ ነዳጁ ከሻጩ እየመጣ፣ ቆሻሻው በሻጩ ፈቃድ የሚሄድ ማብለያ ያንን ኩራት አይሰጥም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

ዱቡሻ

አቋሜ "አይሁን" ሳይሆን "ገና ነው" የሚል ነው። "ገና" ግን ማዘናጊያ እንዳይሆን ምን ሲሟላ እንደሚያበቃ መናገር አለብኝ። መብራት የሌለው ግማሹ ሕዝብ መስመር ሲያገኝ፤ እንፋሎቱና ነፋሱ በቁም ነገር ተሞክሮ ሲያንስ፤ ለመንግሥት "አይቻልም" ብሎ ፕሮጀክት ማስቆም የሚችል የጨረር ተቆጣጣሪ ሲኖር፤ የብድሩ ውል ከነወለዱ በአደባባይ ሲነበብ። እስከዚያው ተማሪዎቻችን የኑክሌር ሳይንስ ይማሩ፣ የጨረር ሕክምናው ይስፋፋ፣ ዝንቡም ይምከን። እውቀት ዕዳ የለበትም።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ጋሞ ውስጥ የሁሉንም ኑሮ የሚነካ ነገር የሚቆረጠው ዱቡሻ ላይ ነው፤ ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ ተራ በተራ ተናግሮ፣ እስኪስማሙ ድረስ። ሴቶችና ዝቅ ተደርገው የታዩ ወገኖች ሁልጊዜ እኩል ድምፅ ነበራቸው አልልም። ግን መሠረቱ አለ፤ ጣጣው የሚደርስበት ሰው ሳይሰማ አይወሰንም። መስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በተቆጣ ወጣት ፊት ተንበርክከው ከተማዋን ከበቀል ሲያድኑ፣ ያ ጉልበት ከየት መጣ? ከዚያው ከሜዳው ነው። ወጣቱ የሰማቸው ቀድሞ እሱም የሚሰማበት ቦታ ስለነበረ ነው።

ማብለያው የት ይቆማል? የሚቀዘቅዘው በየትኛው ውሃ ነው? ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ የሰነበተችበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እንዳይሆን ማን ያረጋግጣል? ይህ ሁሉ በባለሙያ ይመለሳል። "ይህን ሸክም ለልጅ ልጆቻችን እናስቀምጥላቸው ወይ?" የሚለውን ግን ባለሙያ ብቻውን አይመልሰውም፤ ሞስኮ ላይ የሚፈረም ወረቀትም አይመልሰውም። ያልተወለዱት መጥተው አይናገሩም። ስለ እነሱ የሚናገር ሰው እንዲኖር ግን ቢያንስ መነጋገሪያ ሜዳ ያስፈልጋል።

የሌለንን መተው ቀላል ይመስላል፤ ምንም አይጎድልብንም። ከባዱ ነገር ትልቅ መስሎ ለመታየት ያለንን ፍላጎት ለጊዜው አስቀምጦ፣ ምሰሶ ተክሎ፣ ሽቦ ስቦ፣ ከአንድ መንደር ወደ ሌላው መሄድ ነው። ምርቃት የለውም፣ ሪባን አይቆረጥበትም። ግን አክስቴ ምጣዷን የምትሰካው በዚያ ነው።